ኳሱ ሲቆም ምን ይቀራል?

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያቸው ገጠር ወደ ኮሌጅ የሚመጣው ተጫዋች ኳስን የለመደው ከብት እየጠበቀ ነው። ሜዳው በቆሎ የታጨደበት ማሳ፣ ኳሱም በገመድ የተጠፈረ ጨርቅ ነበር። እዚህ ሲደርስ እናጨበጭብለታለን፤ ጎል ሲያገባ በትከሻችን እንሸከመዋለን፤ ፈተና ሲወድቅ ግን የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። ይህ ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ነው።

አንዳንድ ወላጆች ኳስ የሥራ ፈት ነገር ነው ይላሉ፤ አንዳንድ ተጫዋቾች ደግሞ ኳስ ብቻውን ለዕድሜ ልክ እንጀራ ይበቃል ይላሉ። በበኩሌ ሁለቱንም አልቀበልም።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማን እንመልከት። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወልደው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስም 23 ዓመት ያህል ተጫወቱ። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘውን ቡድናችንን አሠለጠኑ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። አፍሪካ የ1958ቱን የዓለም ዋንጫ አልካፈልም ብላ፣ ለ1962ቱ የራሷን አንድ ቦታ እንድታገኝ ከተከራከሩት ውስጥ ነበሩ፤ የደቡብ አፍሪካንም የዘር መድልዎ በስፖርት አደባባይ ታግለዋል። ይህ ሁሉ የእግር ሥራ አይደለም፤ ቋንቋ ማወቅን፣ ደንብ ማጥናትንና በጉባኤ መካከል ቆሞ መናገርን የሚጠይቅ ነው።

ትምህርት ጨዋታን ያደክማል ለሚል ደግሞ ብራዚላዊው ሶክራተስ መልስ ነው። በክለብ እየተጫወተ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ በ1974 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫም የአገሩ ቡድን አምበል ነበር።

ነገሩ ለእኛ አጣዳፊ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከደብተሩ የተለየው የገጠር ልጅ ኮሌጅ የገባውን የመንደሩን ተጫዋች እያየ ነገውን ይገምታል። ያ ተጫዋች ያለ ዲፕሎማ ቢመለስ፣ ልጁ መማር ከንቱ ነው ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ በውድድር ምክንያት ትምህርት ላመለጠው ተጫዋች ማስታወሻ የሚሰጡና የሚያስጠኑ ተማሪዎችን ይመድብ፤ የፈተናና የጨዋታ ቀን እንዳይጋጭም ከመምህራን ጋር ይነጋገር። ሁለተኛ፣ ተጫዋቾቻችን መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በዕረፍት ወራት ወደየአገራቸው ሄደው ልጆችን ኳስም ፊደልም እንዲያስተምሩ ይርዳቸው።

አንተም ወንድሜ ተጫዋች፣ ጉልበትህ ሳለ ሁለተኛ ሙያህን ያዝ። ጉልበት ካለቀ በኋላ የሚጀመር ትምህርት እጅግ ይከብዳል። እኛም ተመልካቾች ማጨብጨባችንን ሳንተው፣ ደብተሩ የት እንደደረሰ እንጠይቀው።