ሮኬቱን የት እናስወንጭፍ?

የሞዴል ሮኬት ወሬ ሲነሳ ግቢያችን ውስጥ መጀመሪያ የሚጠራው ጃንሜዳ ነው። ሰፊ ነው፣ ቅርብ ነው፣ የታክሲም ጣጣ የለውም። እኔ ግን አልስማማም። የአሜሪካው ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ደንብ ለ«ሲ» ሞተር የሜዳው ጠባብ ጎን ቢያንስ 122 ሜትር ይሁን ይላል። ስፋቱስ እሺ፣ ኳስ የሚጫወተውን ልጅ ሁሉ የት እናድርገው? በፓራሹት የሚወርደውን ዕቃ ንፋስ ወስዶ ሰው ጣሪያ ላይ ቢጥለውስ?

ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሱሉልታ አካባቢ ያለው የግጦሽ መስክ ይሻላል። ያውም ጥቅምት ላይ፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፤ የካቲት ከገባ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከብቱ እንዳይደነብር እረኞቹን አስቀድሞ ማነጋገር ነው።

ከሜዳው ይልቅ የሚከብደው ቃሉ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር ኤርፖርቶች ሮኬት ተተኩሷል። ከዚያ ወዲህ «ሮኬት ልንተኩስ ነው» ብሎ ቀበሌ መግባት ቀልድ አይደለም። «ሳይንስ እኮ ነው» ማለትም አያድንም። የካርቶን ቱቦውን ይዞ ሄዶ ለገበሬውም ለፖሊሱም ማሳየት፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ሞተሩን ለፊዚክስ ልጆች እንተውላቸው፤ ደብዳቤውንና ማስረዳቱን ግን እኛ ጋዜጠኝነቶች እንችልበታለን።