የድምፅ አጋፋሪ

በቀድሞ ዘመን በግብር አዳራሽ አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበር። እንግዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ በደጃፉ እንዳይጋፋ፤ ለያንዳንዱም እንደ ማዕርጉ ቦታ እንዲሰጠው የሚያደርገው እርሱ ነው። በኮምፒዩተርም ውስጥ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ፤ ባለቤቱ ግን ከቶ የማያየው ፕሮግራም አለ። ባለሙያዎቹ «ሳውንድ ሰርቨር» ይሉታል፤ እኛ የድምፅ አጋፋሪ ብንለው ስሙ ከሥራው ጋር ይስማማል።

አንድ ተማሪ የተቀዳ ትምህርት እያዳመጠ ሳለ የመልእክት ደወል ይሰማል፤ ከበስተኋላም ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይጫወታል። ሦስቱም የሚወጡት በአንድ ማዳመጫ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያውቀው በቍጥር ነው። በሙዚቃ ሲዲ ላይ የአንድ ሴኮንድ ድምፅ ለያንዳንዱ ጆሮ በ44,100 ቍጥሮች ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ቍጥር ከ−32,768 እስከ 32,767 ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ድምፅን መቀላቀል ማለት መደመር ነው፤ የአንዱ ቍጥር 9,000 የሌላው 4,000 ቢሆን፤ ወደ ማዳመጫው የሚሄደው 13,000 ነው። የአየርም ጠባይ እንዲሁ ነው፤ ከበሮና መሰንቆ በአንድነት ሲሰሙ ሞገዳቸው ተደምሮ ወደ ጆሮአችን ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በመደመር ብቻ አያልቅም። 25,000 እና 20,000 ቢገናኙ 45,000 ሆነው ከወሰኑ ያልፋሉ። ያን ጊዜ የሞገዱ አናት ይቈረጥና ድምፁ ይሻክራል፤ አጋፋሪው አስቀድሞ የያንዳንዱን ኀይል ቢቀንስ ግን ይህ ይቀራል። ደግሞም አንዱ ፕሮግራም በሴኮንድ 44,100፤ ሌላው 48,000 ቍጥር ቢልክ፤ ሁለቱን ወደ አንድ ልክ ሳያመጡ መደመር አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜ ነው። አጋፋሪው ቍጥሮቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በየእፍኙ ሰብስቦ ይልካል። እፍኙ 480 ቍጥር ቢሆን፤ በሴኮንድ 48,000 ስሌት 10 ሚሊ ሴኮንድ ይይዛል፤ ይህም ድምፅ በአየር 3.4 ሜትር ያህል የሚሄድበት ጊዜ ነው። እፍኙ ሲያንስ ኮምፒዩተሩ ይጣደፋል፤ ከዘገየም ድምፁ ይቈራረጣል። እፍኙ ሲበዛ ድምፁ አይቋረጥም፤ ግን ይዘገያል። ሙዚቃ ለሚሰማ መዘግየቱ አይታወቀውም፤ ለሚነጋገርና ራሱን እየሰማ ለሚዘፍን ግን እንቅፋት ነው።

ሊኑክስ በሚባለው ሥርዐት በቀድሞው ጊዜ ፊት የመጣው ፕሮግራም የድምፅ ካርዱን ብቻውን ይዞ የሚቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ኋላ የመጣው ዝም ይላል። በ2004 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) ሌናርት ፖተሪንግ ኋላ ፐልስኦዲዮ የተባለውን አጋፋሪ ጀመረ። በ2007 ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዐይነት መደበኛው አደረገው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድምፅ ተቈራረጠብን የሚሉ ጥቂት አልነበሩም። በ2021 ደግሞ ዊም ታይማንስ የጀመረው ፓይፕዋየር በፌዶራ ቦታውን ወሰደ።

ይህ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ አይደለም። ዐይነ ስውር የሆነ ሰው ኮምፒዩተሩን የሚያነበው በጆሮው ነው፤ በመስኮቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ ፕሮግራም ድምፅ አውጥቶ ያነብለታል። የሙዚቃ ፕሮግራም ካርዱን ለብቻው ቢይዝበት መሣሪያው ዲዳ ይሆንበታል። ሙዚቃውን እንዳያቆም እንኳ ማቆሚያው የት እንዳለ የሚነግረው ያው የታፈነው ድምፅ ነው። ሥራ ላይ ያለ ጸሓፊ ወይም ፈተና ላይ ያለ ተማሪ ቢሆን ጉዳቱን መገመት አያዳግትም። መልካም አጋፋሪ ሲኖር ግን ሁሉም ቦታ ያገኛል። በዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲኤ የተባለው አንባቢ ከ2016 ጀምሮ እርሱ ሲናገር የሌሎቹ ድምፅ ዝቅ እንዲል ማድረግ ይችላል፤ ሽማግሌ ሲናገር ጉባኤው ድምፁን እንደሚቀንሰው መሆኑ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ድምፅ ሲሻክርብህ ማጕያውን ከመውቀስህ በፊት የትኛው ፕሮግራም ከልክ በላይ እንደሚጮህ ተመልከት፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ለያንዳንዱ ፕሮግራም የድምፁን ልክ ለይቶ ያሳያል። ለመሥሪያ ቤትህም ኮምፒዩተር ስታዘጋጅ ሙዚቃ ክፈትና በዚያው ሰዓት አንባቢውን ፕሮግራም አስነሣ። ሁለቱም ከተሰሙ ዐይነ ስውሩ ባልደረባህ ሥራውን ይሠራል፤ ካልተሰሙ መሣሪያው ገና አልተዘጋጀም።