የኮሶ ትልና ወስፋት አንድ አይደሉም

የሆድ ትል ሁሉ በአንድ መድኃኒት ይወጣል የሚለውን ልማድ አንደግፈውም። የኮሶ ትል ጠፍጣፋ ነው፤ አንጓ ከአንጓ ተቀጣጥሎ ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ አፍም አንጀትም ስለሌለው እኛ የፈጨነውን ምግብ በገላው ይመጥጣል፤ በበሰለው አንጓ ውስጥም የወንዴና የሴቴ ብልት አብሮ ይገኛል። ወስፋት ግን ድብልብል ነው፤ አፍና አንጀት አለው፤ ወንዱና ሴቷም ለየብቻ ናቸው፤ ሴቷ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። የፊተኛው በጥሬ የበሬ ሥጋ፣ የኋለኛው በዓይነ ምድር ከተበከለ አፈር፣ ባልታጠበ እጅና አትክልት ይገባል። እንግዲህ ጥሬ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን ሆዱ በተነፋ ጊዜ ኮሶ ማጠጣት ከምሬቱ በቀር ምን ያተርፍለታል? ዛሬ ሐኪም ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል፣ ለወስፋት አልቤንዳዞል ያዛል፤ ለይቶ እንዲያዝ ግን አስቀድሞ ዓይነ ምድሩ ይመርመር።