የሐዘን ቀን ከመቼ ይቆጠራል?

የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ እና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተሻሻለ መመሪያ «የተራዘመ ሐዘን»ን በአእምሮ ሕመምነት መዝግበዋል። የመጀመሪያው ቢያንስ 6 ወር፣ ሁለተኛው ለአዋቂ ሰው 12 ወር እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። ሁለቱም ሐዘኑ ከባህልና ከሃይማኖት ልማድ ማለፉ እንዲታይ ያሳስባሉ፤ ቆጠራውን የሚጀምሩት ግን ከሞት ዕለት ነው። በእኔ እምነት በሀገራችን ለሚካሄድ ጥናት ከወሩ ብዛት ይልቅ የሚያሳስበው ይህ መነሻ ነው።

የቆጠራው መነሻ በሁሉም ባህል አንድ አይደለም። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት በሚኖሩት ቶራጃዎች ዘንድ ሟች የቀብር ሥርዓቱ እስኪፈጸም ድረስ በቤት ይቆያል፤ እንደ ሕመምተኛም ይታያል፤ ይህም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። በአይሁድ ሕግ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ የሰማ የቅርብ ዘመድ የ7ቱን ቀን ሐዘን ከሰማበት ዕለት ይጀምራል፤ ከዚያ ዘግይቶ የሰማ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይቀመጣል። በእስልምና ደግሞ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ለሞተ ባሏ የምትጠብቀው የ4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ፣ ዘግይታ ብትሰማም፣ ከሞተበት ዕለት ይቆጠራል።

በእኛ ዘንድ ሁለት ቆጠራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ የ40ውና የ80ው ቀን መታሰቢያ የሞትን ዕለት ሲከተል፣ የሩቁ ሐዘንተኛ ለቅሶ የሚከተለው መርዶውን ነው። መርዶ ደግሞ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተመካክሮ፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ ተሰብስቦ ያረዳል። ለታመመ፣ ለፈተና ለተቀመጠ፣ በስደት ብቻውን ላለ ሰው ሳምንታት ወይም ወራት ሊዘገይ ይችላል።

በአንድ የዓረብ ሀገር በቤት ሠራተኛነት የምትኖር እኅት የእናቷን ሞት ከ6 ወር በኋላ ተረዳች እንበል። መርዶውን በሰማች በወሩ መጠይቅ ብትሞላ፣ ገና ትኩስ የሆነው ለቅሶዋ የጊዜ ገደቡን እንዳለፈ ሐዘን ይመዘገባል። ስሕተቱ ከእርሷ ሳይሆን ከመጠይቁ ነው።

«ሁለት ቀን መመዝገብ ጥናታችንን ከሌላው ዓለም ጋር እንዳይነጻጸር ያደርገዋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም የሞቱ ዕለት አይሰረዝም፤ የመርዶው ዕለት ይጨመራል እንጂ። «ባህላችን ነው» እያልን እውነተኛ ሕመምን እንሸፍን ማለቴም አይደለም። መርዶን ማዘግየት ሐዘንተኛውን ይጠብቀው ወይም ይጎዳው እንደሆነ መመርመር የምንችለው በሁለቱ ዕለታት መካከል ያለውን ጊዜ ስናውቅ ነው።

ስለዚህ በሐዘን ላይ የምንሠራ ተመራማሪዎች በመጠይቃችን «መቼ ሞቱ?» ከሚለው ቀጥሎ «እርስዎ መቼ ተረዱ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንድንጨምር ሐሳብ አቀርባለሁ። በአማርኛ «ተረዳ» ማለት ዐወቀ ማለት ነው፤ መርዶ ሰማ ማለትም ነው። የሐዘንተኛው ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።