ቴርሞስታቷ ትቀየር እንጂ አትጣል

መኪናዎ እየሞቀ አስቸግሮዎት ጋራዥ ሲወስዱት፣ «ቴርሞስታቷን አውጥተናታል፤ ለእኛ አገር አየር አታስፈልግም» ተብለው ያውቃሉ? ብዙ ባለመኪና የዕቃ ወጪ ስለቀረለት አመስግኖ ይሄዳል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የድሬዳዋ ሙቀት እንኳ ለሞተር ብርድ ነው!

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለች ትንሽ በር ናት። በውስጧ ያለው ሰም ሲሞቅ ያብጥና በሩን ይከፍታል፤ ሲቀዘቅዝ ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋዋል። በብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች የምትከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ተዘግታ ከቀረች ጌጁ በፍጥነት ይወጣል፤ ከራዲያተሩ ጎማዎች አንዱ እየፈላ ሌላው ቀዝቃዛ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ መንዳት ቴስታታ ያጣምማል። ተከፍታ ከቀረች ወይም ከተነቀለች ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅም ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች እሷ ከሌለች ውሃው በአቋራጭ ስለሚዞር ወደ ራዲያተሩ በበቂ አይደርስም። እንዳይሞቅ ተብሎ የተነቀለው፣ ዳገት ላይ ጭራሽ ያሞቃል።

መጠራጠር ካለ ለምግብ በማያገለግል ድስት ውሃ ውስጥ በሽቦ አንጠልጥለው ያሙቋት፤ መከፈቷን ያያሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ የምትከፈተዋ እዚህ ጨርሳ ባትከፈት ተበላሸች ብለው አይፍረዱባት።

ሲቀየር ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ ልጆችም አጠገቡ አይቁሙ። ውሃው ከተቀነሰ በኋላ የመያዣዋ ብሎኖች ይፈታሉ። የአሮጌው ጋስኬት ርዝራዥ ይጠረግ። አዲሷ ስትገባ ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር መውጫ ወደ ላይ ትሁን፤ ጋስኬቱም አዲስ ይሁን። መያዣው ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ብሎኑን በጉልበት ማጥበቅ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ኩላንት ሞልተው፣ ክዳኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩን ያስነሱ፤ አየሩ በአረፋ መልክ ይወጣል፣ የጎደለውን ይሙሉ። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመር ዝገት ያመጣል።

የተረፈውን ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ አያስቀምጡ። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ይዘቱ ግን መርዝ ነው፤ ቀለሙም ልጆችን ለስላሳ መጠጥ ያስመስልባቸዋል።