ጣት ሲሠራ ልብ ያርፋል

እኛ እዚህ በቴክሳስ ፀሐይና ማለቂያ በሌለው አውራ ጎዳና መካከል፣ ዳላስን ከፎርት ዎርዝ እያመላለስን፣ ደኅና ነን።

ዛሬ ፖለቲካ የለም። “ይኼ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?” እንደምትሉ አውቃለሁ። የማጫውታችሁ ስለ ሻይና ስለ ኪሮሽ ነው። አዎን፣ ኪሮሽ! እናቶቻችን ለሬዲዮውና ለጠረጴዛው ዳንቴል ይሠሩባት የነበረችው፣ ጫፏ ቆልመም ያለችው መርፌ። ጋዜጣውን አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው እንቅልፍ በማጣት ነው። ጋዜጠኛ ሥራውን ቢተው ሥራው እሱን አይተወውም። አገር ቤት ሳለሁ ዜና አሳድድ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ዜናው እኔን ያሳድደኛል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከፈነዳ ጊዜ አንሥቶ ስልኬ ከትራሴ ሥር ርቆ አያውቅም። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም “ተመስገን፣ አሁንስ እተኛለሁ” ብዬ ነበር። ዓመቱ ሳይዘጋ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ የአማራ ክልሉ ጦርነት ተባባሰና እንቅልፌን ይዞት ሄደ። ዳላስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ረፋድ ነው። እዚያ ሰው ነቅቶ መከራውን ሲያወራ እኔ እዚህ እንዴት ልተኛ? ስም እፈልጋለሁ፤ የማውቀው መንደር ስም ሲመጣ እደውላለሁ፤ ስልኩ አይነሣም። ጠዋት ቀይ ዓይን ይዤ ሥራ እገባለሁ።

ሐኪም ዘንድ ብሄድ “ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል” አለኝ። ክኒን ጻፈልኝና “ለመሆኑ ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ?” ሲል ጠየቀኝ። “ዘጠኝ ሰዓት” አልኩት። ደስ ብሎት መዘገበው። እኔ የነገርኩት ግን አልጋ ላይ የምወጣበትን ሰዓት ነው፤ ያውም በአበሻ አቆጣጠር!

እኛ በምንኖርበት ጋርላንድ፣ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ፣ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸው ይቆየን። ስድሳዎቹን አጋምሰዋል፤ ከሃያ ዓመት በላይ በዲ ኤፍ ደብልዩ አውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩ።

“አንተ ልጅ፣ የሌሊት ፈረቃ የለህም። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ መብራትህ የማይጠፋው ለምንድን ነው?” አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ ገብተው ተቀመጡ። በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ፣ በሌላው የላስቲክ ከረጢት ይዘዋል። ሻዩን ሲቀዱት የጦስኙ ሽታ ቤቱን ሞላው። ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት፤ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አገሩ ገባ። ቀጥለው ከከረጢቱ ነጭ ክርና ኪሮሽ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሳቄ አመለጠኝ።

“ጋሼ፣ ይኼ የሴቶች ሥራ አይደለም እንዴ?”

እሳቸው አልሳቁም። “የማን ሥራ እንደሆነ ልንገርህ” አሉና እንዲህ አጫወቱኝ።

1970 ዓ.ም. ነው። ቀይ ሽብር። ጋሼ ያኔ ገና አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ተማሪ ነበሩ። አዲስ አበባ ከነበሩት እስር ቤቶች በአንዱ ታጎሩ። ደብዳቤ አይገባም፣ አይወጣም። የሚገባው ስንቅ ብቻ ነው። ያን ዘመን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ የልጇ ምሳ ዕቃ “ከእንግዲህ አታምጪ” ተብሎ የተመለሰላት እናት መርዶዋን የምትረዳው በዚያ ነበር። ማልቀስም ክልክል ነው።

እክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጧቸው አንድ አስተማሪ ነበሩ። ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ኪሮሽ ሠርተው፣ አሮጌ ሹራብ ተርትረው ክር አውጥተው፣ ወጣቶቹን ዳንቴል ያስተምራሉ።

“እናቴ በሻዩ ውስጥ ጦስኝ ትጨምርልኝ ነበር” አሉ ጋሼ። “ክዳኑን ስከፍት በሽታው አውቃታለሁ። በሕይወት አለች፣ ደጅ ቆማለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ባዶውን ምሳ ዕቃ ስመልስ መዳፍ የምታህል ዳንቴል ከሥሩ አነጥፋለሁ። ለፈታሹ ጨርቅ ናት። ለእናቴ ግን ልጇ ያንን ሳምንት ውሎ ማደሩን ትነግራታለች። ጦስኝ ወደ ውስጥ፣ ዳንቴል ወደ ውጭ። ሌላ ደብዳቤ አልነበረንም።”

አንድ ጊዜ ጋሼ በተስቦ ወደቁ። እጃቸው ክር መያዝ አቃተው። አጠገባቸው የሚተኛ ጓደኛቸው “ግድ የለህም፣ እኔ እሠራልሃለሁ” አለና ሠርቶ ላከ። እናት ዳንቴሏን ገልብጠው ቢያዩ የልጃቸው እጅ አይደለም። ልጃቸው ክሩን ጠበቅ ያደርጋል፤ ይኼኛው ላላ ያለ ነው። ሌላ ሰው ከሠራው ልጄ የለም ማለት ነው ብለው ደመደሙ። በራቸውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን በነጠላቸው አፍነው፣ ሳምንቱን በሙሉ አለቀሱ። በሳምንቱ እግራቸው እያመነታ ስንቁን ይዘው ቢሄዱ ተቀበሏቸው፤ ጠበቅ ያለችው ዳንቴልም ወጣች። እዚያው ደጁ ላይ ተንበርክከው መሬት ስመው ተመለሱ።

ላላ ያለችውን የሠራው ጓደኛቸው ስንቅ ግን በጥር ወር ተመለሰ።

ጋሼ በ1973 ተፈቱ፤ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ ገዳሪፍ ከርመው፣ ዳላስ ገቡ። እናታቸው በ1986 ሲያርፉ አልደረሱም። እኅታቸው ሣጥን ስትከፍት ዳንቴሎቹን ሁሉ አገኘቻቸውና በመንገደኛ ላከችላቸው። ዛሬ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ የተሰቀለችው አንዲት ብቻ ናት፤ ላላ ያለችው። ያ ልጅ ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የተወው ነገር ይኑር አይኑር ጋሼ አያውቁም።

ስንቱ የተሠቃየበት ዓለም በቃኝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2007 ፈርሷል፤ በሥፍራውም እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ያ ሁሉ ወፍራም ግንብ ሄደ፤ ቀጭኗ ክር ግን ጋርላንድ ድረስ መጥታለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ “የሴቶች ሥራ” የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ያልተማርኩትን ደግሞ ማንበብ ልማዴ ነውና ጥቂት አገላበጥኩ። ኧርነስት ቴሲጀር የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጆቹ ቆስለው ከግንባር ይመለሳል። ጥልፍ ያውቅ ነበርና ለቁስለኛ ጓዶቹ ይህን ሙያ ለማስተማር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1918 ለአካል ጉዳተኛ ወታደሮች የጥልፍ ሥራ የሚሰጥ ድርጅት እንግሊዝ ውስጥ ተቋቋመ፤ ለለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የመሠዊያ ልብስ የጠለፉትም ከመቶ በላይ ቁስለኛ ወታደሮች ናቸው። ቴሲጀር የሚለው ስም ለእኛም ሩቅ አይደለም። በልጅ ኢያሱ ዘመን አዲስ አበባ የብሪታንያ መልእክተኛ የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የዚሁ ተዋናይ የአጎት ልጅ ነው።

ደግሞስ ከአገራችን ወዴት እሄዳለሁ? ሽሮ ሜዳ ሸማውን የሚሸምነው ወንድ ነው። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አጠገብ፣ በሥጋ ደዌ ጣታቸው የደነዘዘ ሰዎች የጠለፏቸውን ትራሶችና የግድግዳ ጌጦች ያያችሁ አላችሁ። መርፌው ሲወጋው የማይሰማው እጅ ያን ሁሉ አበባ ካወጣ፣ የእኔ ደኅናው እጅ ምን ምክንያት አለው?

እናም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት አያድርስ ነው። ክሩ ይተበተባል፤ እቆጥራለሁ፤ ይጠፋብኛል፤ እተረትራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኪሮሽ ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። ሁለቱም እጅ ከተያዘ ደግሞ ስልክ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም! በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አገር ቤት የሆነውን አላየሁም፤ ባላየውም የሆነው ሆኗል፤ እኔ ነቅቼ ባድርም የተረፈ ሰው አልነበረም። ይህን ለራሴ ማመን ከኪሮሹ ይልቅ ከበደኝ።

የሐርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድን ቃል በዝግታ ደጋግሞ ማለት ትንፋሽንና የልብ ምትን እንደሚያሳርፍ ጽፏል። አያቶቻችን ቢሰሙት “ይህን ለማወቅ ሐርቫርድ ድረስ ምን አስኬደህ?” ይሉት ነበር። መቁጠሪያ የሚቆጥሩት፣ ሙስበሃ የሚያንከባልሉት፣ ደጅ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉት፣ ሁሉም ይህንኑ መንገድ ያውቁታል። ጣት ሲሠራ ልብ ያርፋል።

አሁን ወደ ሻዩ ልመለስ። ጋሼ አጥብቀው የሚነግሩኝ ነገር አለ፦ ጦስኝ አይንፈቀፈቅም። ውኃው ሲፈላ እሳቱን አጥፍቶ፣ ጦስኙን ጨምሮ፣ ክዳኑን ከድኖ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። መልካሙ ሽታ በእንፋሎት እንዳይሄድ ክዳኑ አይከፈት። ያ አሥር ደቂቃ ራሱ ግማሽ መድኃኒት ይመስለኛል፤ ለመጨረሻ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላችሁ የተቀመጣችሁት መቼ ነው? ለማታ ሻይ ቅጠሉን ተዉት፤ እንቅልፍ ያባርራል። የሐረሩ ቁጢም ሆነ ቀሸሩ የቡና ዘር ነውና ለቀን ይሁን።

ጦስኝ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣ ይመጣል። ጤና አዳም ግን እዚሁ አለ። ሜክሲኮዎቹ “ሩዳ” ይሉታል፤ ከመደብሮቻቸው ይገኛል፤ በሸክላ ብትተክሉትም ይይዛል። በበጋ ትልልቅ አባ ጨጓሬ ከወጣበት አትደንግጡ፤ እዚህ አገር ያለው ቢራቢሮ ቅጠሉን ለልጆቹ ይመርጠዋል። ጠጅ ሳርም ከእስያ ሰዎች ገበያ አይጠፋም።

ነገር ግን ቅጠል ነውና አይጎዳም አትበሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም አትጠጣ፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው እጅ የቴክሳስ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል፤ ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ታጠቡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱም በነጭ ሽንኩርት ላይ አትበርቱ፤ የምትጠጡትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ጦስኝ ክኒኔን አልተካልኝም፤ አሁንም እውጣለሁ። ሐኪሜ ዘንድም ተመልሼ የ“ዘጠኝ ሰዓት”ን ምሥጢር ተናዘዝኩ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ግን አልሳቀም፤ የጭንቀት ሐኪም ጋ ላከኝ። ሄድኩ። አሳፋሪ ነገር አላገኘሁበትም። ከእናንተ መካከል ጨለማው በሻይ የማይገፋ የሆነበት ቢኖር፣ “አበሻ እንዲህ ዓይነት በሽታ የለበትም” በሚል ኩራት ራሳችሁን አትጉዱ። በዚህ አገር 988 ብሎ መደወል ይቻላል፤ ቀንም ሌሊትም ይነሣል።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዎች ሆነናል። አንዷ እናት የልጃቸውን አራስ ሊጠይቁ መጥተው፣ ቋንቋም መኪናም አጥተው፣ አራት ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉ ነበሩ፤ ዛሬ ዋና አስተማሪያችን እሳቸው ናቸው። ስልኮቻችንን ሁሉ በር ላይ ካለችው መሶብ ውስጥ ከተን እንከድናለን። ዓይናችን ክሩ ላይ ስለሆነ ፊት ለፊት አንተያይም፤ ለዚህ ይሆናል ሰው ለዓመታት ያልተናገረውን የሚናገረው።

የመጀመሪያዋን ዳንቴሌን በመንገደኛ ደብረ ብርሃን ለእናቴ ላክኋት። ስለ እንቅልፌ አንድ ቃል ነግሬያት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ደወለች።

“ዳንቴልህ ደረሰኝ። መነጽሬን አድርጌ አየኋት” አለች።

“እንዴት ናት?”

“መሐሏ ላይ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምነው ልጄ፣ እንቅልፍ አትተኛም እንዴ?” ዝም አልኩ። እሷም ጥቂት ዝም ብላ፣ “ወደ ዳሯ ግን ረጋ ብለሃል” አለችኝ።

ቸር ይግጠመን።