የድመቷ አመል ወይስ የሰው?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ተደብቃ፣ ሰው ሲቀርባት ፀጉሯን አቁማ የምትቧጭር ግልገል ድመትም በዚሁ ተረት ይፈረድባታል፤ «አውሬ ናት፣ ተዋት!»

ፍርዱ ልክ አይደለም። ግልገል ድመት ሰውን በቀላሉ የምትለምደው በተለይ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ዕድሜዋ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ደግ እጅ ያልነካት ብትፈራ ምን ይገርማል? ጊዜው ሲያልፍ መላመዱ ይከብዳል፤ ቶሎ መድረስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ማዳን ማለት ግን አፈፍ አድርጎ ማቀፍ አይደለም። ጸጥ ያለ ጥግ፣ መደበቂያ ካርቶን፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሰዓቱን የጠበቀ ምግብ ይበቃታል። የላም ወተት ሆዷን ያበላሻል። ከዚያ ዝቅ ብሎ መቀመጥና እስክትመጣ መጠበቅ ነው። በ2020 የታተመ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ድመቶች ዓይኑን በዝግታ ወደሚጨፍንላቸው ሰው ይበልጥ እንደሚቀርቡ አሳይቷል፤ ማፍጠጥ አያስፈልግም። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ግን ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል።

አይጥ ሲያስቸግረው ድመት የሚፈልግ፣ ስትወልድ ልጆቿን በማዳበሪያ ቋጥሮ የሚጥል ሰው ስለ ድመት አመል ሊፈርድ አይችልም። ግልገሏስ በትዕግስት አመሏን ትተዋለች። እሱስ?